ሞራ ገላጭ

ስምንት ሰዓት ቆሜ ሥጋ ስበልት ውዬ፣
ጓንቴን አውልቄ፣ ሽርጤን ሰቅዬ፣
ከፋብሪካው በር ላይ ብቅ ስል ማታ
ነፋስ ይቀበለኛል፣ የአልበርታ ጌታ።
የብሩክስ ነፋስ ነው፤ ቆብ ነጥቆ ይወስዳል፣
የእጄን ሽታ ግን ትቶልኝ ይሄዳል።

ሶስና አምስት ዓመቷ ነው። በር ላይ ትጠብቀኛለች፤
ወገቤን አቅፋ ሆዴ ላይ ጉንጯን ትለጥፋለች፤
ጸጉሯን ልዳብስ ስል ግን
ጎንበስ ትላለች።
ክፋት አይደለም።
አፍንጫ ይሉኝታ አያውቅም።

የሱቅ ሳሙና ያልሞከርኩት የለም፤
ሎሚ ነኝ የሚለውን፣ ጽጌረዳ ነኝ የሚለውን፤
ሽታ በሽታ ላይ ስደርብ ከርሜ
በሽታ ሸመትኩኝ በገዛ አቅሜ፤
ቆዳዬ ተሰነጠቀ እንደ በጋ ኩሬ፣
ጣት ማጠፍ አቃተኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ።

በሥራ መስመሩ ከጎኔ የምትቆም
ኤርሊንዳ፣ የፊሊፒንስ ሰው፣
ከጭምብሏ በላይ በዓይኗ እየሳቀች
«ይኼን ያመጣ ራሱ ይውሰደው» አለች።
«ማን?»
«ሞራው።»

ቅዳሜ ሦስት ኪሎ ገዛን፤ የኩላሊቱን፣ ነጩን።
ያባቴ አገር ሰዎች ሞራ ገላጭ ነበራቸው፤
የታረደውን ሞራ ፀሐይ ላይ ወጥሮ
«ዝናብ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ለቅሶ አለ» የሚላቸው።
እኔም አንዱን ገልጬ ከምድጃው መብራት ሥር
ፈለግሁ፣ ደግሜ ፈለግሁ፣ የተጻፈ ነገር።
«ዕጣሽን ተይውና
እሳቱን ቀንሺ» ያለኝ መሰለኝ።

ቀንሰን አቀለጥነው። በአሮጌ ሻሽ አጠለልነው።

«ሶዳው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ሶዳ
አይገባም» አለችኝ መምህሬ ኤርሊንዳ፤
«ይህን የረሳ ሰው በዓይኑ ነው የሚከፍል ዕዳ።»
የዋና መነጽር አጠለቅን ሁለታችን።
ስንሻው ከሶፋው ቀና ብሎ አየንና
«ባሕሩ ወዴት ነው?» አለን።

እሳት ሳይጎበኘው ውሃው ፈላ፣ ጨሰ፤
ትንፋሹ ሾልኮ ጉሮሮዬ ደረሰ፤
አውጥቼ በረንዳው በረዶ ላይ አኖርኩት፤
እዚህ አገር ስድስት ክረምት ስኖር
በረዶን ያን ዕለት ነው ያመሰገንኩት።

አንዱ የሚያቃጥል፣ አንዱ የሚያቆሽሽ፣
ለየብቻው ሲሆን ሁሉም ሰው የሚያሸሽ፤
አንድ ድስት ዳርናቸው፤ አማሰልን፣ አማሰልን፣
ማንኪያው በሄደበት መንገድ እስኪቀርልን።
የተፈጨ አጃ ጨመርኩ፤
ጠብታ ሽቶም ላክል ስል ኤርሊንዳ ክንዴን ያዘች፤
«ይኼ ላጲስ ነው፣
ብዕር አይደለም።»

በወተት ካርቶን ቀድተን በፎጣ ጠቀለልነው።
«ተኛ?» አለች ሶስና።
«አርባ ሁለት ቀን ይተኛል።»
ልትቆጥር ጀመረች። የእጇ ጣት አለቀ፣
የእግሯም አለቀ፤
የኔን ተበደረች፣ ያንኑ የምትሸሸውን፣
አንድ በአንድ እያጠፈች፣ እየቆጠረች፣
ካልሲዬን አውልቃ የእግሬንም ጨረሰች፤
አርባ ላይ ሲጎድልባት
የኤርሊንዳን ሁለት አውራ ጣት አከለች።

በማግስቱ ቆራርጬ መስኮቱ ሥር ደረደርኩት።
ሶስና በየማለዳው ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች፤
እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደ ሐኪም፣
«ገና ነው» ትላለች።

ቀኑ ሲደርስ አንዱን አንስቼ
ጫፉን በምላሴ ነካሁት፤ አልቆነጠጠም።
ታጠብኩ። አረፋው ጥቂት ነው።
ቆዳዬ ውሃ እንዳገኘ ኩሬ ተገጣጠመ።
ሽታውስ? ግማሹ ሄደ።
ግማሹ አለ፤ አልዋሽም።

ያን ማታ፣ በመኝታ ሰዓት፣ እጄን ዘርግቼ
«በሉ፣ እጄን ሳሙና ተኙ» ብዬ አባትና ልጅን ስሸኝ
ስንሻው እየሮጠ ሄዶ
ሳሙናውን አመጣልኝ።

ሶስና ሳመችኝ።